በአባዬ ቀኝ ጆሮ

አባዬ ስልክ አይሰማም። ስልክማ አለው፤ ባለ ቁልፍ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ። ሲደወልለት ያነሳና «ሄሎ! ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን! አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮሆ ይዘጋዋል። ያልኩትን አንዲት ቃል አይሰማም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሮቢ ወንዝ ውሃ በሚስብ ሞተር አጠገብ ቆሞ ሽንኩርት ሲያጠጣ ግራ ጆሮው ጨርሶ ሄዷል። ቀኙም ቢሆን አጠገቡ ቁጭ ብለው ካልጮሁበት እሺ አይልም። የጽሑፍ መልእክት እንዳልልክለት ስልኩ የአማርኛ ፊደል ሲመጣበት አራት ማዕዘን ነው የሚደረድረው። ፊደሉን ቢያወጣውስ ማን ሊያነበው? አባዬ አልተማረም።

ስለዚህ እኔ መሊካ አሊዪ፣ ከሸዋ ሮቢት ተነስቼ ኢንጂነሪንግ ልማር ደጋ የወጣሁት ልጅ፣ በዚህ ዘመን ለአባቴ በወረቀት ደብዳቤ የምጽፍ ሆንኩ። ሳቁ እንጂ፤ የዶርም ልጆችም ስቀውብኛል።

እሁድ እሁድ መናኸሪያ እሄድና ፖስታውን ለጋሽ በቀለ እሰጣለሁ። ጋሽ በቀለ በእኛ መስመር የሚሠሩ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው። ጣርማ በርን አልፈው፣ ደብረ ሲናን ወርደው፣ ሮቢት ሲደርሱ ለሐሚድ ያስረክባሉ። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሐሚድ በሰፈራችን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ነው። የመጣ ወረቀት ሁሉ እሱ ጋ ይሄዳል፤ የመድኃኒት ይሁን የቀበሌ፣ አንባቢው እሱ ነው። ለአባዬ ሲያነብለት ደግሞ ከአስር ሰላት በኋላ ማንጎው ስር ያስቀምጠውና በቀኝ ጆሮው እየጮኸ ነው። ጩኸቱ እስከ ቦዩ ይሰማል። ጎረቤታችን እትዬ ኑርሃን ሥራቸውን ጥለው አጥሩ ጋ ይቆማሉ። ከዚያ አላፊ አግዳሚው ይቆማል። እንግዲህ በዚህ መሀል የሆድ ነገር እንዴት ይጻፋል!

የሆድ ነገር ደግሞ ነበረኝ። እኔና ሐሚድ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ፊዚክስን ያስተማረኝ መምህሩ ሳይሆን እሱ ነው። ማንም ምንም አላለም፤ ግን የእሱን እርምጃ ከሌላው ሰው እርምጃ ለይቼ ማወቅ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከዚያ የአሥራ ሁለተኛ ፈተና መጣ። ከክፍላችን አራት ሰው አለፈ። እኔ አለፍኩ፤ እሱ ለጥቂት ቀረ። አባዬ በደስታ ሰፈሩን ሰብስቦ «እንግዲህ የእኔን ኢንጂነር የሚያገባት ኢንጂነር ይምጣ!» ሲል ሐሚድ ከሰዎቹ መሀል ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

ልሄድ ዋዜማው ላይ የፊዚክስ ደብተሬን ሊመልስልኝ መጣ። «አንቺ ሂጂ። እኔን የውሃ ሞተር ይበቃኛል» አለኝ። ዓይኔን እንኳ አላየኝም። የእኔ ምላስ ደግሞ አያርፍም። «የጣለህ ፈተናው እንጂ እኔ አይደለሁም! ምን ታኮርፈኛለህ!» አልኩት። ወላሂ፣ ገና ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ። ግን ይቅርታ ማለት አይሆንልኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልደወለልኝም፤ እኔም አልደወልኩለትም። ሆዴ ግን በየቀኑ ስልኩን ያይ ነበር።

*

ዩኒቨርሲቲ ምን ይመስላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ብርድ ነው የምለው። እኛ ቆላ ያደግን ሰዎች ብርድ የምንለው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ያለው አጥንት ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል። በዶርም ስድስት ነበርን። አምስቱ በመጀመሪያው ሳምንት ተላመዱና አብረው መብላት፣ አብረው ማጥናት፣ አብረው መሳቅ ጀመሩ። ክፉዎች አልነበሩም። «መሊካ፣ ነይ እንጂ» ይሉኛል፤ ሄጄ ስቀመጥ የሚያወሩት ፊልም፣ የሚያወሩት ሰፈር፣ የሚስቁበት ነገር አይገባኝም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩና ተውኩት። ካፌ ትሪዬን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል ሳልናገር የዋልኩበት ቀን አለ። አንድ ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ «እንደምን ዋልሽ» ሲሉኝ ድምፄ ተዘግቶ አልወጣ አለኝ።

የመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ሲመለስ ከሃያው አራት ብቻ አገኘሁ። እኔ! ሰፈሩ ሁሉ ኢንጂነር የሚለኝ! በድሮዊንግ ክፍል የእንጨት ቁራጭ ሰጥተውን ከላይ፣ ከፊት፣ ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል ሳሉ ተባልን። ሌሎቹ ማስመሪያውን ቀድመው አውቀውት ነው የመጡት። እኔ ወረቀቱን በላብና በላጲስ ቀደድኩት።

በዚያን ቀን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩ። አልደበቅኩም። ሐሚድ እንደሚጮኸው፣ እትዬ ኑርሃን እንደሚሰሙ እያወቅኩ ጻፍኩት።

«አባዬ፣ ብርዱ ሊገድለኝ ነው። የምበላው ብቻዬን ነው። ሒሳብ ከሃያ አራት አገኘሁ። ሌሎቹ እንዳይሰሙኝ ብርድ ልብሱን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቅሳለሁ። ልምጣ እንዴ?»

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። የሐሚድን እጅ ጽሑፍ ፖስታው ላይ ሳይ ልቤ ዘለለ።

«ለልጄ ለመሊካ። ደብዳቤሽ ደርሶን ደስታችን ወሰን አጣ። ትምህርቱ ስለቀናሽ አልሐምዱሊላህ። ብዙ ጓደኛ በማፍራትሽም ደስ ብሎኛል፤ ሰላም በይልኝ። በርቺ። አባትሽ አሊዪ። ጸሐፊውም ሰላም ይልሻል።»

አራት ጊዜ አነበብኩት። የምን ጓደኛ? የምን መቅናት? እንደገና ጻፍኩ፤ የባሰውን ጻፍኩ። «አባዬ፣ እየወደቅኩ ነው» አልኩ። መልሱ «በውጤትሽ ኮርተናል» ሆነ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። በአምስተኛው ላይ አንድ ያቃተኝን የሒሳብ ጥያቄ፣ ሊሚት የሚባለውን፣ ሆን ብዬ ከታች ገለበጥኩት። አባዬ ምን ሊያደርገው! ለሐሚድ ነበር። ይቅርታዬ መሆኑ ነው። እሱ ይገባዋል ብዬ። የመጣው መልስ ግን «ጸሐፊውም ሰላም ይልሻል» ነው። አይ ሰላም! እቺን መስመር ሳይ እበግን ነበር።

በመጨረሻ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። አባዬ የእኔን መውደቅ መስማት አይፈልግም። ኢንጂነሯን ነው የሚፈልገው፤ መሊካን አይደለም። ሐሚድ ደግሞ በመውደቄ ደስ ሳይለው አይቀርም። በዓለም ላይ ያሉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ጆሯቸውን ደፈኑብኝ።

ሴሚስተሩ አልቆ ውጤት ሲለጠፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። የሚቀጥለው ካልተስተካከለ መባረር ነው። እኔ ግን ቀድሜያቸው ወስኛለሁ። ዕቃዬን በሙሉ ጠቀለልኩ፤ አንሶላዬን እንኳ አላስቀረሁም። የመጨረሻውንም ደብዳቤ ለጋሽ በቀለ ሰጠሁ።

«አባዬ፣ አልቻልኩም። ትምህርቱን ትቼ መምጣቴ ነው። ካላፈርክብኝ ቅዳሜ አስፋልቱ ድረስ ወጥተህ ተቀበለኝ። ካፈርክብኝ አትውጣ፤ ይገባኛል።»

ጋሽ በቀለ ፖስታውን ኪሳቸው ከተው ፊቴን አዩና «ምነው ልጄ?» አሉኝ። አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መልስ ሳልሰጣቸው ሮጥኩ።

*

ቅዳሜ ደብረ ሲናን ወርደን ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን አወለቀ። እኔ አላወለቅኩም። እጄ በድን ሆኖ ነበር። ይወጣ ይሆን? ባይወጣስ?

አባዬ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ነበር። ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ የበዓል ሸሚዙን ለብሶ፣ እያንዳንዱን መኪና በእጁ ሊያስቆም ሲቃጣው። ስወርድ «ኢንጂነሬ!» ብሎ አቀፈኝ። አንገቱ ውስጥ ገብቼ ተንሰቀሰቅኩ። አላፈረብኝም! ሁሉን ሰምቶ አላፈረብኝም! እሱ ጀርባዬን እየደበደበ «ምን ያስለቅስሻል በደስታ ቀን!» ይላል። የደስታ ቀን ማለቱ ትንሽ ከነከነኝ።

ቤት ስንደርስ እትዬ ኑርሃን እልል እያሉ መጡ። «አንቺ ልጅ፣ አኮራሽን! ከወንዱ ሁሉ በልጠሽ! ሁሉን ሰምተናል እኮ!»

«ምኑን ነው የሰማችሁት?» አልኩ።

አባዬ መጅሊሱ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ ደብዳቤዎቼን በቃሉ ይወጣልኝ ጀመር። «ያቺ ሁለተኛዋ ላይ፣ ‹አባዬ፣ ከመስኮቴ ቆላው አይታይም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ በዚያ በኩል ነው የምቀመጠው› ያልሽው! ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ደግሞ ሌላኛው ላይ፣ ‹እዚህ ሰው እንደ አሸዋ ነው፤ ዓይኔ ግን የለመደውን አንድ ሰው ብቻ ይፈልጋል› ያልሽው። አለቀስኩ ስልሽ! እኔን ያንን ያህል ትናፍቂኛለሽ ብዬ አላውቅም ነበር። የመጨረሻዋ ላይማ ‹በጥሩ ውጤት ለዕረፍት ቅዳሜ እመጣለሁ› ስትዪ የበዓል ሸሚዜን አወጣሁ።»

እኔ እንዲህ ብዬ አልጻፍኩም። አንዲቷንም መስመር አልጻፍኩም። አባዬ ግን እየሳቀ፣ እየደገመ፣ እያንዳንዷን ቃል እያጣጣመ ቀጠለ። ያልኩት ሁሉ አልደረሰውም። አምስት ወር ሙሉ አልቅሼ የጻፍኩት ሁሉ ማንጎው ስር ሌላ ሆኖ ነው የተነበበው። ደሜ ፈላ፤ ከዚያ ወዲያው እንደ ደጋው ያለ ሌላ ብርድ ያዘኝ።

*

በነጋታው ጠዋት ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ወረድኩ። ሐሚድ ሞተሩ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። አየኝና ተነሳ። ከስቷል፤ ፀሐይ አክስሎታል። ዓይኑ ዓይኔ ላይ አንድ ጊዜ አረፈና ጭቃ ወደነካው እጁ ተመለሰ። ሞተሩ ያንባርቃል። ሄጄ አጠፋሁት።

«ውሃው እኮ...» አለ።

«ውሃው ይቅር! ደብዳቤዎቼ የት አሉ?»

«ቤት አሉ። አንዱም አልጠፋም።»

«ታዲያ ለአባቴ ምንድን ነው ስታነብለት የከረምከው?»

«ያልጻፍሽውን» አለ።

እንዲህ በቀላሉ ሲለው ጊዜ በጫማዬ ልለው ቃጣኝ። «ማን ፈቀደልህ? ማን ነህ አንተ?»

«የመጀመሪያው ሲመጣ ጋሼ አሊዪ ወባ ይዟቸው ተኝተው ነበር። ‹ልምጣ እንዴ› የሚለውን ባነብላቸው ከነትኩሳታቸው ተነስተው ሊያመጡሽ ይሄዱ ነበር። ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ‹ደህና ናት› አልኩ። ሳቁ። ሁለተኛው ሲመጣ ከመጀመሪያው ጋር ማስማማት ነበረብኝ። ከዚያማ መውጫው ጠፋኝ።»

«እኔስ? ሐሚድ፣ እኔስ? እየወደቅኩ ነው ብዬ ጽፌ ‹ኮርተናል› ስትሉኝ ምን እንደመሰለኝ ታውቃለህ? አባቴ የጠላኝ መሰለኝ! በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ሰሚ አልነበረኝም። ያለኝን አንዱን ደግሞ አንተ ዘጋህብኝ!»

«አውቃለሁ።»

«ምንም አታውቅም!»

«ያነበብኩት እኔ እኮ ነኝ!» ድምፁን ከፍ ሲያደርግብኝ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። «አንቺ ብርድ ልብስ አፍሽ ውስጥ ከተሽ እንደምታለቅሺ በዓይኔ እያየሁ ‹ደስ ብሎኛል› እያልኩ በሰፈሩ ፊት የጮህኩት እኔ ነኝ። ማታ እንዴት እንደተኛሁ አላህ ነው የሚያውቀው።»

«መደወልስ ምን ከለከለህ?»

ለመሬቱ እንደሚናገር አጎንብሶ «ድምፅሽን ብሰማ ነይ ነበር የምልሽ» አለ። «አንቺ ከተመለስሽ ደግሞ እኔ ሁለተኛ ጊዜ ወደቅኩ ማለት ነው።»

ይሄን ሲል ንዴቴ ከእጄ አመለጠኝ። ለማግኘት ፈለግኩት፤ የለም። «ያ መስኮቱስ?» አልኩት ቀስ ብዬ። «ዓይኔ አንድ ሰው ይፈልጋል የሚለውስ?»

«እሱ ያንቺ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«ሌላ የምናገርበት ቦታ አልነበረኝም መሊካ። በአባትሽ ጆሮ ነው የተናገርኩት።»

ከኪሱ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። የሊሚቱ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱን እርምጃ ጽፎ፣ የሳትኩበት ቦታ ላይ አስምሮ ሠርቶታል። «ብልክልሽ ደብዳቤውን በትክክል እንዳነበብኩት ታውቂብኝ ነበር» አለ። «መልሱ ሁለት ነው።»

«ጭራሽ ሒሳብ ታስረዳኛለህ!» አልኩና ቦዩ ዳር ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። አልነካኝም። ትንሽ ራቅ ብሎ እሱም ተቀመጠ። ሁለታችንም የቆመውን ውሃ ስናይ ቆየን።

«ዛሬ ከአስር በኋላ ትመጣለህ» አልኩት ስነሳ። «የመጨረሻውን ደብዳቤ እንደተጻፈው ታነብለታለህ። አንዲት ቃል ብትጨምር አልምርህም።»

«ልባቸው ይሰበራል።»

«ቢሰበርም የአባቴ ልብ ነው። ለእኔ ተወው» አልኩ።

*

መጣ። ማንጎው ስር አባዬ ተቀመጠ፤ እኔ ከእግሩ ስር። እትዬ ኑርሃን አጥሩ ጋ ቆሙ። ሐሚድ ወረቀቱን ዘረጋ። ወደ ቀኝ ጆሮው ተጠግቶ ጮኸ።

«አባዬ! አልቻልኩም!»

እትዬ ኑርሃን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሐሚድ አላቆመም። ትቼ መምጣቴን ጮኸው። ካፈርክብኝ አትውጣ የሚለውንም ጮኸው። ከዚያ ሳልጠይቀው የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከኪሱ አወጣና ብርድ ልብሱንም፣ ከሃያ አራቱንም ጮኸው። በገዛ ደብዳቤዬ ሰፈሩ ፊት ራቁቴን የቀረሁ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ «የሠራሁት ጥፋት ነው ጋሼ። የተጻፈው ይሄ ነበር፤ እኔ ነኝ ለውጬ ያነበብኩልዎት» አለ።

አባዬ ወረቀቱን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይቺ ናት» አለ። «ይቺ ናት ልጄ።»

ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

«መሊካ እሾህ ሲወጋት ሰፈር የምታነቃ ልጅ ነበረች» አለ፤ እንደ ልማዱ እየጮኸ። «አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አመመኝ ሳትል፣ ራበኝ ሳትል፣ ደስተኛ ሴት ስትጽፍልኝ ከረመች። ቃሏ ያምራል፤ በቃሌ ያዝኩት። ግን ሲመሽ ብቻዬን ስሆን፣ ተማረችና ሆዷን ዘጋችብኝ፣ ባዕድ ሆንኩባት እል ነበር። ለማን ልናገረው?»

እጁን ስሜ እጁ ላይ አለቀስኩ። እኔ እዚያ ብቻዬን፣ እሱ እዚህ ብቻውን!

«አሁንስ?» አለ አገጬን ቀና አድርጎ። «ትቀሪያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ? የሌላ ሰው አፍ አልፈልግም። ባንቺ አፍ ንገሪኝ።»

ተነስቼ በቀኝ ጆሮው ተንበረከኩ። እቀራለሁ ልል ነበር የመጣሁት። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እፈራለሁ አባዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «ብርዱን እፈራለሁ! መባረሩን እፈራለሁ! ብቻዬን መብላት መሮኛል!»

በእያንዳንዱ ላይ ራሱን ይነቀንቃል። ሰማኝ። አምስት ወር የተሸከምኩት በአንድ ጆሮ ገብቶ አለቀ። ከዚያ በኋላ የምሸሸው ነገር ፈልጌ አጣሁ።

«ግን እሄዳለሁ!» አልኩ። «የምጽፈውን የምትሰማኝ ከሆነ እሄዳለሁ!»

«እሰማሻለሁ ልጄ። ኢንሻአላህ እሰማሻለሁ» አለ። እንባውን በኮፍያው ጠረገና ድንገት ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ቆይ እስቲ። ታዲያ ያን ሁሉ ናፍቆት ማን ጻፈው?»

ሐሚድ መሬቱን ያያል። እኔ የደንቆሮ አባት ልጅ ነኝ፤ በእኛ ቤት ሹክሹክታ የለም።

«ሐሚድ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ፊቴ ነደደ፤ ግን አንዴ ወጥቷል። «እኔም ብጽፈው ኖሮ እንደሱ ነበር የምጽፈው!»

«ሱብሃነላህ!» አሉ እትዬ ኑርሃን፤ አጥሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

አባዬ ሐሚድን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ያ «ኢንጂነር ይምጣ» ያለው ቃሉ አለ፤ ይሄ ልጅ ደግሞ እጁ ላይ የሞተር ዘይት ያለበት ልጅ ነው።

«አንተ የተጻፈውን ትተህ ያልተጻፈውን የምታነብ ሰው ነህ» አለው። «ከዛሬ ጀምሮ ደብዳቤዬን አትነካም። ኑርሃን ፊደል ቆጥራለች፤ እሷ ታነብልኛለች። ለነገሩ መስማቷ ላይቀር።»

«እሺ ጋሼ» አለ ሐሚድ። የቀሩትን ወረቀቶች አጥፎ በሁለት እጁ ሰጠው። ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሎ ዞረ። አጥሩ ጋ እስኪደርስ ድረስ እርምጃውን ቆጠርኩ። ሊሄድ ነው። ምንም ሳይባል ሊሄድ ነው።

«ቆይ!» አለ አባዬ።

ሐሚድ ቆመ።

«ለአንተ መሊካ የራስህን ትጻፍልህ። የራስህን አንብብ። ደግሞ ቀስ ብለህ፣ ለብቻህ፤ አንተ እንደኔ ጆሮህ አልተደፈነም።»

ሐሚድ አልዞረም። ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት፤ ፊቱን በእጅጌው ይጠርግ ነበር። እኔም እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ፣ እንደዚያን ቀንም ሆድ ብሶኝ አያውቅም። ወደ ብርዱ ለመመለስ የቀረኝ ስምንት ቀን ብቻ ነበር።